የኋላ ወንበር የሌላት ቀይ መኪና

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጎሚስታ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ምኗን የሚያይ ይመስላችኋል? ጎማዋን ነዋ! ሞተሯ ቢያስል፣ በሯ ባይዘጋ ግድ የለውም። ባለቤቴ እንዲያውም "እኔንም የመረጥከኝ ጫማዬን አይተህ መሆን አለበት" ትለኛለች። ወላሂ አልዋሽም፣ ጫማዋ አዲስ ነበር።

እንጀራዬ ሎጊያ ላይ በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱ ከባድ መኪኖችን ጎማ መጠገን ነው። የሰው ጎማ ስነፋ ስኖር አንዲት ምኞት ነበረችኝ፤ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት የጃፓን ስፖርት መኪና። አዲሷ የባለጸጋ ናት። የእኔ አቅም የሚደርሰው ሦስት አራት ጌታ የቀያየረችውን ነው።

ደላላው ሁለት አመጣልኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሠሪዎቻቸው አይደለም። ዋጋቸው ያው ነው። ነጯ ትንሽ ትዘገያለች፣ ጎማዋም አልቋል፤ ግን ከኋላ ሁለት ሰው እግሩን አጥፎ ይቀመጥባታል። ቀይዋ የኋላ ወንበር የሚባል የላትም። ግን ጎማዋ! ሰፊ ነው፣ ጥርሱ አልተነካም። በቃ፣ ልቤ ቀለጠ።

ለወጉ ያህል አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው አባቴ ጋ ደወልኩ። አባዬ ዕድሜውን በባቡር ፍሬን ሠራተኝነት የጨረሰ ሰው ነው። ነጯን ግዛ አለኝ። ለምን ስለው፣ በዚህ በረሃ እጅ ያነሳ መንገደኛ ስታይ የት ልታስቀምጠው ነው አለኝ። አባዬ፣ ዘመኑ እኮ የፍጥነት ነው አልኩት። "ያ ሁሉ ባቡር እንኳ ሰው ሲያይ ይቆም ነበር!" ብሎ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እኔም ቀይዋን ገዛሁ። ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን ከረምን።

እሑድ ግን ሆዴ አልቻለም። መኪናዋን ሲያይ ይታረቀኛል ብዬ ማልጄ ወደ አዋሽ ተነሣሁ። ለእሱ የገዛሁትን አንድ ካርቶን ተምር ከጎኔ ባለችው ብቸኛ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ።

አፋር አገር የኖረ ሰው ዳጉን ያውቃል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገራሉ፤ ዳጉ ላይ መዋሸት ነውር ነው። ሳይቆሙ ማለፍም እንደዚያው። እኔ ያን ዕለት ስንቱን ዝም ብዬ አለፍኩ!

ገዋኔን አልፌ ትንሽ እንደሄድኩ አንድ የተበላሸ አውቶቡስ ቆሟል። መንገደኛው ፀሐይ ላይ ፈሶ እጁን ያውለበልባል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ትራስ የመሰለ ነገር ታቅፏል። የት ላስቀምጣችሁ አልኩ በሆዴ። ደግሞ ተምሩስ? ነዳጁን ረገጥኩት። እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

አዋሽ ስደርስ የአባዬ በር ተቆልፏል። ጎረቤቱ ወይዘሮ ዘይነባ ብቅ አሉ።

"አንተ ልጅ፣ መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም እንዴ? ጎህ ሲቀድ እኮ በአውቶቡስ ወደ አንተ ሄዱ! ለመኪና ብዬ ከልጄ አልጣላም ብለው። ስልካቸውን እንኳ ቻርጅ ላይ ረስተውት። ያቺ መኪናህ ዝቅ ያለች ናት አሉ፣ ለመቀመጫ የሚሆን ትራስ አሰፍተው ይዘዋል።"

ትራስ ሲሉ ያ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ገባኝ።

ዞሬ ከነፍኩ። አውቶቡሱ ጋ ስደርስ ሰው የለም፤ የጭነት መኪናዎች ተካፍለው ጭነዋቸው ሄደዋል። ሎጊያ ስገባ ሻይ ሻጯ ቀና ብላ አላየችኝም። በአገሩ ፈጣኗን መኪና ይዤ ዳጉ ቀድሞኝ ገብቷል!

አባዬ የእኔው ጎሚስታ ቤት፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጧል። ትራሱ ጭኑ ላይ ነው። ጉልበቱ ላይ ወደቅኩ። አላወቅኩህም፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ራሴን ዳበስ አደረገኝና፣

"አየኋት" አለ። "ትሮጣለች።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ላድርስህ ስለው ጉልበቴ አይታጠፍም ብሎ በአውቶቡስ ሄደ። ትራሱን ትቶልኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እሷስ ታድላ፣ ለቅማለች። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

መኪናዋን ሸጥኩ። ባለፈው ሳምንት አባዬን ልጠይቅ በጭነት መኪና ስሄድ ሚሌ ላይ ሻይ ልንጠጣ ወረድን። አንድ ሸምገል ያሉ አፋር አጠገቤ ተቀመጡና ዳጉ ጀመሩ። ስለ ዝናቡ ነገሩኝ፣ ስለ ግመሎቻቸው ነገሩኝ። ከዚያ ጠጋ ብለው፣ አባቱን በረሃ ላይ ጥሎ ያለፈ ባለ ቀይ መኪና አለ፣ ሰምተሃል ወይ አሉኝ።

ዳጉ ላይ አይዋሽም። ሰምቻለሁ አልኩ። ግን ዝም ማለት አቃተኝና እንደ ጠበቃ፣ "የኋላ ወንበር አልነበረውም አሉ" ብዬ ጨመርኩ።

ሽማግሌው ሻያቸውን ፉት አሉና ትክ ብለው አዩኝ።

"ፍሬንስ? ፍሬንም አልነበረውም?"