ይሄነው ዓባይን ተሻግረው ቆርቆሮ ያመጡበት፣ ደረሰኙንም በክታብ ያሰፉበት ዜና

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። ያ በር ላይ የቆመውም ይግባ፤ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል እንጂ ጆሮ አይጎዳም።

በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ጣራው ማፍሰስ በጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ባልዲውም በሳሎኑ መካከል ከነገሠ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ፣ የመካነ ሰላሙ ይሄነው፣ የመዝገብ ቤቱ አለቃ፣ ፋይል የማይጠፋባቸው፣ ማኅተም የሚታዘዝላቸው፣ በየሻለም ባልነት የከበሩ፣ ቆርቆሮ ሊያመጡ ወደ ዓባይ ማዶ ተነሡ።

የተነሡበትም ምክንያት ይህ ነው። የየሻለም እናት እሜቴ እናኑ በዚያው ቤት ይኖሩ ነበርና፣ ሁለት ክረምት ሙሉ አልጋቸውን ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያዞሩ ዝናቡን ሲሸሹ ቆይተው፣ በፋሲካ ማግሥት እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ያልሰማህ ስማ። ሰኔ ሳይገባ ይህ ጣራ ካልተከደነ ወረኢሉ ወንድ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። የልጄ ባል ባልዲ መደርደር እንጂ ቤት መክደን አያውቅም ብዬም ለሰፈሩ ሁሉ ተናግሬ ነው የምሄድ።»

እነሆ፣ በዘጠኝ ዓመት አማችነት እሜቴ እናኑ «የልጄ ባል» ከማለት በቀር ሌላ ስም አውጥተውላቸው አያውቁም። ይህችም ቃል ከፍሳሹ ይልቅ የይሄነውን ልብ ታረጥብ ነበር።

ወእምዝ፣ ቆርቆሮ በጎጃም ረክሷል የሚል ወሬ በደረሳቸው ጊዜ ሠራዊታቸውን ሰብስበው ዘመቱ። የሠራዊቱም ዝርዝር እንዲህ ነው፤ በፊታውራሪነት የአይሱዙው ጌታ ረመዳን፣ ቁልቁለት ሳያይ ቢስሚላህ የሚል፤ በቀኝ ቆዳ ሰፊው አሕመዲን፣ ወስፌው ከኪሱ የማትለይ፤ በደጀንነት አንድ ትርፍ ጎማና አንድ ጥቅል ገመድ፤ ማንም ሳይጠራቸው ደግሞ፣ ዣንጥላቸውን ይዘው ጋቢና የገቡ እሜቴ እናኑ። እሳቸውና አሕመዲን ጋቢናውን ስለ ሞሉት፣ የዘመቻው መሪ ከትርፉ ጎማ ጋር ከኋላ ተጫኑ።

ማዶም በደረሱ ጊዜ አርባ ቆርቆሮ ከነምስማሩ፣ አንድ ባልዲ ቀለምም አስመረጡ። ነጋዴውም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አወጀ፦ «በደረሰኝ ከሆነ ቫቱ ከመቶ አሥራ አምስት ይጨመራል። ያለ ደረሰኝ ከሆነ ግን እኔም አላየሁዎ፣ እርስዎም አላዩኝ።» ይሄነውም ዘንተ ሰሚዖ ደረታቸውን ነፍተው መለሱ፦ «እኔ መዝገብ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ወረቀት የሌለው ነገር እንዳልተወለደ ይቆጠራል። ቫቱን ጨምርና ወረቀቱን አምጣ።» የደረሰኝ መኪናዋም ጥርሷን አፋጭታ ቀጭን ነጭ ወረቀት ተፋች። ቆርቆሮው ሲጫን እሜቴ እናኑ ከነጋዴው ጋር ለብቻቸው ጥቂት ተነጋገሩ፤ ያን ጊዜ ግን ልብ ያለው አልነበረም።

ይሄነው ወረቀቱን ይዘው ተጨነቁ። ዓምና የመብራት ደረሰኝ ሱሪያቸው ኪስ ውስጥ ረስተው የሻለም ከሱሪው ጋር አጥባባቸዋለችና፣ ኪስ የሚሉትን ነገር አያምኑም። ስለዚህ አዘዙ፦ «ይህ ደረሰኝ እንደ ክታብ በቆዳ ይሰፋ። የዓባይ በረሃ ላብም እንዳይደርስበት በሰም ይነከር።» አሕመዲንም የፍየል ቆዳ ቆርጦ፣ ጧፍ ገዝቶ አቅልጦ፣ ወረቀቱን በትኩሱ ሰም ነክሮ ሰፋው። የክርስቲያን ጧፍ በሙስሊም ወስፌ ሲሰፋ በእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለምና ማንም አልተደነቀም። ይሄነውም አንገታቸው ላይ አስረውት ወደ በረሃው ወረዱ።

ድልድዩን ተሻግረው ከኬላው ደረሱ። በኬላውም ንጉሡ የሚባል ተቆጣጣሪ በፕላስቲክ ወንበር ተሠይሞ ነበር። እሱም አወጀ፦ «ደረሰኝ ያለው ያሳይ። የሌለው ቫቱን እንደ ገና ይክፈል። አልከፍልም የሚል ቆርቆሮውን ያውርድና ለእኔ ጥላ ይሥራልኝ፤ ፀሐዩ ገድሎኛል።» ቫቱ ሁለት ጊዜ ከተከፈለ ግን ለአናጢው የሚተርፍ ሳንቲም የለም፤ አናጢ ከሌለ ጣራ የለም፤ ጣራ ከሌለ እሜቴ እናኑ ወረኢሉ ናቸው።

ይሄነውም በኩራት አንገታቸውን አሳዩ። ንጉሡ ክታቡን ባየ ጊዜ ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ አፈገፈገና፦ «እኔ የሰው ክታብ አልነካም፤ ልጆች አሉኝ። የሰፋው ይፍታው» አለ። አሕመዲን በወስፌው ተረተረው። ከውስጡም ወረቀቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ፤ ለካ ትኩስ ነገር ሲነካው የሚጠቁር ዓይነት ኖሮ፣ ገና በሰም ሲነከር አልቆለት ነበር። ረመዳንም ከመሪው ላይ ሆኖ፦ «አብሽሩ ጋሼ፣ ወረቀቱ ሐዘን ላይ ነው» ሲል አወጀ።

ይሄነው ግን አልሳቁም። ሃያ ዓመት አንድ ፋይል ሳይጠፋባቸው፣ ይህችን አንዲት ወረቀት በእጃቸው አብስለዋታል። ጋቢናውን ቀና ብለው ለማየት ፈሩ።

የጋቢናውም በር ተከፈተ። እሜቴ እናኑ ዣንጥላቸውን ተመርኩዘው ወረዱ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ በጥርሳቸው ፈቱ፤ ከሁለት ፍሬ ቅርንፉድ መካከል የታጠፈ ነጭ ወረቀት አወጡ። እንዲህም አሉ፦ «ለእኔም ኮፒ አውጣልኝ ብዬው ነው። የልጄ ባል ወረቀት ሲያከብር ያበዛል፤ እኔ ሳላከብር ቋጥሬ ይዤዋለሁ። እንካ አንብብ፣ ቫቱ ከታች አለልህ።» ንጉሡም አነበበ፣ አርባውን ቆርቆሮ ቆጠረ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸተውን ወረቀት መልሶ «ይለፉ» አለ።

ወእምዝ ጣራው በአምስት ቀን ተከደነ። ግንቦት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ወረደ። ቤተ ሰቡ ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ጠበቀ፤ ጠብ ያለ የለም። ባልዲውም ከመንግሥቱ ተሽሮ ወደ ጓሮ ተሰደደ። እሜቴ እናኑ አልጋቸውን አላዞሩም። በቆርቆሮው ጩኸት ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «ልጄ ይሄነው፣ ና እዚህ ተቀመጥ፤ ደረቅ ነው» አሉ። ይሄነውም ጩኸቱ ያላሰማቸው መስለው በር ላይ ቆሙ። እሜቴ እናኑም ደግመው «ልጄ» አሉ። ያን ጊዜ ገብተው ተቀመጡ።

ክብር ይገባቸዋል ለይሄነው፣ ዓባይን ለተሻገሩ፣ ቫትን ለከፈሉ፣ ደረሰኝን ላበሰሉ፣ ባልዲን ከዙፋኑ ላወረዱ፣ በአማታቸው አንደበት ልጅ ለተባሉ። ጥቁሩም ክታብ እስከ ዛሬ ከበራቸው በላይ ተሰቅሏል።

እናንተም ልጆቼ፣ ጣራችሁ ሳያፈስ ዝናብ የሰማችሁ ቀን፣ ጋቢና ተቀምጠው ዝም ያሉትን እናት ደግሞ አስታውሱልኝ።