ቀን የማይቆርጡ ሽማግሌዎች

የሰው ልጅ ነገን የሚወደው ገና ስላላየው ይመስለኛል። ዛሬን እናውቀዋለን፤ ጭቃ አለበት፣ ጉንፋን አለበት፣ ውሃ ይጠፋበታል። ነገ ግን ማንም ያልረገጠው መሬት ነው። ስለዚህ ደህና ደህናውን ሁሉ ለእሱ እናስቀምጣለን፤ አዲሱን ጫማ ለነገ፣ ይቅርታውን ለነገ፣ የታመመ ወዳጅ ጥየቃውን ለነገ። ነገ ሆዬ ደጃፋችን ሲደርስ ስሙን ቀይሮ "ዛሬ ነኝ" ይለናል። እኛም አፍረን ሌላ ነገ እንጠብቃለን።

ነገን ማማቴ አይደለም። እንዴት አማዋለሁ? እንጀራዬ ነው። ጠጉሬ የሸበተው ደሴ ውስጥ ኢንሹራንስ ስሸጥ ነው። ሥራዬ ሰው ፊት ተቀምጬ፣ የቀረበልኝን ሻይ ፉት እያልኩ፣ ነገ ቢቃጠልስ፣ ነገ ቢገለበጥስ፣ ነገ ቢሰረቅስ እያልኩ ማስደንገጥ ነው። በዚህም ጥበቤ የታወቅሁ ነኝ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ተነሥቶ ምድጃውን ሳያይ የሚተኛ ባለቤት የለም። እንግዲህ አላህ ሲፈርድ፣ "አሁኖች" ሴት ልጅ ሊጠይቁ የመጡት እንዲህ ያለው ሰው ቤት ነው።

አሁኖች እነማን ናቸው? እንኳን ጠየቃችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ እትዬ መኪያ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እትዬ መኪያ እንደ ማንኛችንም ቡፌ ነበራቸው፤ ባለ መስታወት፣ ቁልፍ ያለው፣ ውስጡ ጠርዛቸው ወርቅማ የሆኑ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት። ባልየው አንድ ቀን "እስቲ በዚያ ብርጭቆ ውሃ አጠጪኝ" ቢሏቸው "ለዒድ ይሁን" አሉ። ዒድ ሲመጣ ደግሞ "ድንገት እንግዳ ቢመጣስ" አሉ። ሰውየው በፕላስቲክ ኩባያቸው እንደጠጡ አለፉ። ለቀስተኛው ሲጎርፍ ግን ብርጭቆው ወጣ። እሳቸው ቁጭ ብለው እያዩ ሰፈሩ ሁሉ ጠጣበት፤ የማያውቁት ሰው ሳይቀር። ከዚያ በኋላ እትዬ መኪያ የቡፌውን በር ከማጠፊያው አስነቀሉት ይባላል። እኔም በኋላ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ በር የለውም።

ወሬው ሲሰማ አንዱ መጣ፣ ሌላዋ መጣች፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። ስም አላወጡም፤ ስም ለማውጣት ስብሰባ፣ ለስብሰባ ደግሞ ቀጠሮ ያስፈልጋላ። አሁኖች ያልናቸው እኛ ነን። ደንባቸው አጭር ነው። ሲበሉ ይበላሉ፤ ሰው ሲያናግራቸው ስልክ አይነኩም። ቀጠሮ አይሰጡም፣ አይቀበሉም። "እመጣለሁ" አይሉም፤ ይመጣሉ።

የደሴ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ዝም ይላል? አይልም። ሰዓት ሰብስበው ያቃጥላሉ ተባለ። ትምህርት ለነገ ነውና ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተዋል ተባለ። ኋላ እንደሰማሁት ልጆቹ ይማራሉ፤ እንዲያውም ገና ደብተራቸውን ሳያስቀምጡ የቤት ሥራቸውን ይጨርሳሉ። የእነሱን ሰፈር ኢማም አግኝቼ ስለ ሃይማኖታቸው ነገር ብጠይቃቸው፣ አዛን ሲባል የፊቱን ሰልፍ የሚሞሉት እነሱ መሆናቸውን፣ ምን ብለው እንደሚወቅሷቸው ግራ እንደገባቸው ነገሩኝ። ኢንሻአላህ ማለትንም አልነቀፉም፤ የሚነቅፉት ኢንሻአላህ ብሎ መቅረትን ነው። በዚህ ቢፈተሽ ከእኛ ሰፈር የሚተርፍ ስንት ይሆን?

ልጄ ሐያት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከዚህ በፊት ቀለበት ያሰረላት አንድ መሐንዲስ ነበር። ወላሂ፣ እኔ ያንን ልጅ እወደው ነበር፤ ሳልለምነው ኢንሹራንስ የሚገዛኝ ሰው በዕድሜዬ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ሁሉ ነገሩ በዕቅድ ነው። ቤቱ ጣሪያ ይልበስ ብሎ ሠርጉን አስተላለፈ። ቤቱ ጣሪያ ለበሰ። መኪናው ይምጣ አለ። መኪናው መጣ። ደህና አዳራሽ ይገኝ አለ። አዳራሹ ሊገኝ ሲል እሱ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘና፣ ትንሽ ጠብቂኝ ብሎ በስልክ ነገራት። ሐያት ቀለበቱን በእናቱ በኩል መለሰችለት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስለ ሠርግ የሚያወራ ጠፋ። እናቷ ዘሐራ የሰው ሠርግ ደርሳ ስትመለስ እንኳ፣ ልብስ እንደሚቀየር ሁሉ፣ በር ላይ ፊቷን ቀይራ ትገባ ነበር።

ከዚያ ነው አብዱ የመጣው። አብዱ የእትዬ መኪያ የእህት ልጅ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም። እሱና ሐያት ሳይተዋወቁ በአንድ ሚኒባስ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲመጡ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም አስቆማቸው። ሹፌሩ ይራገማል፣ ተሳፋሪው በየስልኩ "እየደረስኩ ነው" ይላል። አንድ ሰው ብቻ በመስኮት ጉሙን ቁጭ ብሎ ያያል። ከዚያ ብርቱካን ልጦ "ጀባ" አላት፣ አጠገቡ ለተቀመጠችው ለልጄ። ሐያት እንደነገረችን ጉሙ ሲገለጥ ቅር አላት።

አንድ እሑድ፣ ረፋድ ላይ፣ የቤታችን በር ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ መኪያ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አብዱ፣ ከኋላቸው ደግሞ አንድ ሚኒባስ ሙሉ አሁኖች። ቀድመው አልደወሉም። ሽማግሌ ሲልኩ የሚመጡበት ቀን በሰው እንደሚነገር ማን ይንገራቸው? ለምስክር ይሆነኝ ብዬ ለታናሽ ወንድሜ ለዑመር ደወልኩ። እየደረስኩ ነው አለኝ። ከአልጋው እንዳልወረደ ከድምፁ ገባኝ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ቆመው፣ እንደ ወጉ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የሴት ልጅ አባት በዚህች ዓለም ላይ የሚነግሥባት አንዲት ቅጽበት ብትኖር ይህች ናት። ለመሐንዲሱ ሽማግሌዎች ያልኩትን ቃል በቃል አስታውሼ፣ ዘመድ ማማከር እንዳለብኝ፣ ልጅቷንም ማነጋገር እንዳለብኝ፣ ወር ያህል ቆይተው ቢመለሱ መልስ እንደምሰጥ ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል የሚለውንም ጨመርኩበት።

እትዬ መኪያ ቆመው ሰሙኝ። ሲጨርሱልኝ፣ ማለቴ ስጨርስላቸው፣ በጣም በትሕትና እንዲህ አሉ፦ "አፉ ይበሉን፣ ጋሽ ሰይድ። አይ ካሉ አሁን እንሄዳለን፤ ቅያሜ የለንም። እሺ ካሉም እሰየው ነው። በኋላ የሚባለውን ግን ይዘን የምንሄድበት ኪስ የለንም። ማሰብ ከፈለጉ እዚሁ ሆነን እንጠብቅዎታለን።"

እናም ተቀመጡ። መጅሊሱ ሞላ፣ ወንበሩ ሞላ፣ የቀሩት በረንዳ ላይ ሆኑ። ዝናቡ ደግሞ ጀመረ። የሚገርመኝ እየጠበቁ አይመስሉም። ከጎረቤት የመጡ ይመስል ዘሐራን ስለ ጓሮዋ ጎመን ይጠይቃሉ፣ አንዱ የሚያፈሰውን ቧንቧ ያጠብቃል። የምሳ ሰዓት ደረሰ። የወሎ ሰው ቤት ተቀምጦ እንዴት ጦም ይዋላል? ዘሐራ ሽሮ ጣደች፣ ያለውን ሥጋ አወጣች፤ ሳህን አነሳት። ጓዳ ገባች፣ ወጣች፣ ቡፌውን አየች፣ እኔን አየች። ያ ቡፌ ከተጋባን ጀምሮ የሚከፈተው ለአቧራ ብቻ ነው። ቁልፉን አዞረችው።

እኔ ግን አልተረታሁም። የያዝኩት የሙያ ጥያቄ ነበረኝ። ልጄ ነገ ብትታመም ማን ያስታምምልኛል አልኳቸው፣ ልክ ደንበኛዬን እንደምጠይቅ። እትዬ መኪያ ጉርሻቸውን ውጠው ጨረሱ። ከዚያ፣ "ስለ ነገ የማውቀው የለም። አሁን ብትታመም ግን ሁላችንም እንነሣለን፤ እኔም እግሯ ሥር እቀመጣለሁ" አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ውል ሳስፈርም፣ እግር ሥር እቀመጣለሁ የሚል አንቀጽ ያለበት ውል አጋጥሞኝ አያውቅም።

ዘሐራን ጠቅሼ መኝታ ቤት ገባን። ምን እንላለን ስላት፣ እሷ የምትለውን ከብርቱካኑ ጊዜ ጀምሮ እንደምታውቅ፣ የሚቀረው የእኔ ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። ሐያትን ጠራኋት። ትንሽ ጊዜ ብትወስጂ፣ የልጁን ጠባይ ብታጠኚ እያልኩ ጀመርኩ። ልጄ በሕይወቷ አቋርጣኝ አታውቅም። ያን ቀንም አላቋረጠችኝም፤ እስክጨርስ ጠብቃ ተናገረች።

"አባ፣ ያኛውን ስጠብቅ ጠጉሬን ልቆረጥ ስል እንኳ 'ለሠርጉ ይደግ' እያልኩ ነው የኖርኩት። እናንተም እኔን እያያችሁ ስትጠብቁ ነው የኖራችሁት። አብዱ ሻይ ሲጠጣ እንኳ አብሮኝ ነው። ሌላ የምነግርህ የለኝም።"

እንግዲህ ተጨነቅሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አይ የምልበትን ምክንያት ፈለግሁ። ልጁ ሥራ አለው፣ ዲን አለው፣ ልጄ ትወደዋለች፣ እናቷ ወዳዋለች። ውስጤን በረበርኩት፤ ያገኘሁት ተቃውሞ ሳይሆን ልማድ ነው። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ እሺም አይም ብዬ አላውቅም፤ "እናያለን" ነው ስል የኖርኩት። ላለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይባላል፤ ለሚመጣው ክረምት ብቻ ሲሠራ የኖረስ መቼ ገብቶ ይተኛል?

ወጣሁና "ሰጥቻለሁ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ሠርጉንና ኒካሁን መቼ እንደምናደርግ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አብዱ ተነሥቶ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩትን ሼህ ከማልን ሊጠራ በዝናቡ ወጥቷል። ሼሁ ቡትስ ጫማቸውን አድርገው ደረሱ። ሐያትን ፈቃዷን ጠየቋት፤ ሳታፍር መለሰች። ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚሰጠው መህር ላይ ግን ተንገጫገጭን። ሼሁ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን በይደር ማድረግ እንደሚቻል ሲያስረዱ፣ ይደር የሚለው ቃል አሁኖችን ግራ አጋባቸው። በመጨረሻ ሐያት የያዘውን ይስጠኝ አለች። አብዱ ኪሱን ዳበሰ፣ ዙሪያውን አየ፣ ከበሩ ጥግ ውሃ የሚንጠባጠብ ጃንጥላውን አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። ዘሐራ ወርቅ አስባ ነበርና ፊቷ ጨለመ። ሼህ ከማል ግን በመስኮት ወደ ደሴ ሰማይ አይተው፣ ጥቅሙ የታወቀ ዕቃ ነው፣ ልጅቷ ከወደደች ይሆናል ብለው ኒካሁን አሠሩ። ዱዓ ተደረገ። ከአሁኖች መካከል ያሉት ክርስቲያኖችም አንገታቸውን ደፍተው አሜን አሉ። ዑመር ደውሎ እየደረስኩ ነው አለ።

እኔ ብዙ ሠርግ አይቻለሁ። ሰው ካሜራ ሲያይ፣ ሰዓት ሲያይ፣ የሚቀጥለውን ፕሮግራም ሲያይ ያልቃል። የዚያን ቀን ያንን የሽሮ ወጥ የበሉት ሰዎች ሽሮውን ነው የበሉት። ልጄን ያዩትም ያዩት ልጄን ነው። አንዲት የማላውቃት ሴት ዘሐራን እቅፍ አድርጋ ስታለቅስ አየኋት፤ ዘሐራም በመሐንዲሱ ጊዜ ሳታለቅሰው የቀረችውን ሁሉ እሷ ትከሻ ላይ አወጣችው። አሁኖች ምን እንደሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ነገ ለሚደርሰው ጉዳት ካሳ እሸጣለሁ፤ እነሱ ግን ዛሬ እንዳይጠፋ ይጠብቃሉ።

አመሻሹ ላይ ዝናቡ አባራ። የሚኒባሱ ሞተር ተነሣ። ሐያት በትንሽ ሻንጣ፣ በጃንጥላዋ ወጣች። እስከዚያ ደህና ነበርኩ። ደጃፍ ላይ ስትስመኝ ግን፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ "ነገ ጠዋት ብትሄድስ?" አልኩ። እንደ ልጅ ማለት ነው። ማንም አልሳቀብኝም። አብዱ መሬት መሬቱን አየ። እትዬ መኪያ ነገ የለም ብለው የሚያስተምሩኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሚኒባሱ ውስጥ ጠጋ ብለው በእጃቸው ከጎናቸው ያለውን መቀመጫ መታ መታ አደረጉ።

"አብሽር፣ ጋሽ ሰይድ። ቦታ አለ፤ ይግቡ" አሉ።

የሙሽራ አባት ሙሽራዋን ተከትሎ ይሄዳል? በየት አገር? እኔ ገባሁ። በነጠላ ጫማ፣ ጃኬት ሳልደርብ ገባሁ። ሐረጎን ስንወርድ ጉም አልነበረም፤ ልጄ እጄን ይዛ ነበር። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ተቀበለኝ። በር በሌለው ቡፌ ፊት ለፊት ተቀምጬ በወርቅማው ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ማንም መቼ ትሄዳለህ አላለኝም፤ የሚሉትም አይደሉ። አለቃዬ ደውሎ መቼ እንደምገባ ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩት። ዘሐራ ደውላ ስትጠይቀኝም እንደዚያው አልኳት። ዘሐራ ግን አለቃዬ አይደለችም፤ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ከቀናት በኋላ እንደገና ደወለች። ድምፅዋ ረጋ ብሏል። እንደ ወጉ መልስ ልትጠራ መሆኑን፣ ዶሮ አስባርካ ማሳረዷን፣ ዘመድ መጥራቷን፣ ዑመር እንኳ መድረሱን ነገረችኝ። ደስ ብሎኝ ስልኩን ለሐያት ላቀብል ስል አስቆመችኝ።

"ለማን ታቀብላለህ? እሷማ መቼም ትመጣለች፤ መልሱ ያንተ ነው" አለችኝ።