የክብርት ወርቅነሽ ተጽዕኖዎች

በዓለም ላይ ያለ የወደብ ከተማ ሁሉ ሦስት ነገር አያጣም፦ ዝገት፣ ድመት እና «ልትታወቅ ጥቂት የቀራት» ዘፋኝ። ዝገቱን ባሕሩ ይቀልበዋል፤ ድመቷን ዓሣ አጥማጁ። ዘፋኟ ግን የምትኖረው በራሷ ታሪክ ነው፤ ታሪኩም እንደ ጅቡቲ ሙቀት ነው፤ በር ቢዘጉበት በመስኮት ይገባል።

የእኛዋ፣ የጅቡቲዋ፣ ክብርት ወይዘሮ ወርቅነሽ ይባላሉ፤ የጃዝ እመቤት፣ የቀይ ባሕር ድምፅ። ማዕረጉን የሰጧቸው ራሳቸው ናቸው። ገና «እንደምን አደሩ» ሲሏቸው «የሥራ ዘመኔን ነግሬሃለሁ?» ይላሉ። ነግረውኛል። በሰፈራችን በካርቲዬ ሁለት ውስጥ ያልተነገራት ፍየል የለችም።

የሥራ ዘመናቸው የተጀመረው በባቡር ሠራተኞች ክበብ፣ ብርጭቆ ሲያጥቡ ነው። ከዚያ ካሴት አወጡ። የካሴቱ አንዱ ገጽ ዘፈን፣ ሌላው ገጽ ባዶ ነው። ለምን ቢባሉ፦

«አድማጭ እንዲያስብበት ነዋ! ጃዝ ነው!»

ዓለም አቀፍ ጉዞም አድርገዋል። በድሮው ባቡር ወደ ድሬዳዋ ለመዝፈን ተነሥተው ድንበር ሳይሻገሩ አሊ ሳቢዬ ላይ ባቡሩ ተበላሸ። ለተሳፋሪውና ውሃ ፍለጋ ለመጡ ግመሎች ሲዘፍኑ ዋሉ፤ ድሬዳዋን ሳያዩ ተመለሱ። «የአሊ ሳቢዬ ኮንሰርት» የሚባለው ይኸው ነው። በየዓመቱ የታዳሚው ቁጥር ይጨምራል፤ የግመሎቹም።

ግጥም ከጠፋባቸው፣ ጃዝ ነው። ዘግይተው ከመጡ፣ ጃዝ ነው። አንድ ቀን ምስር ወጣቸውን ቀምሼ «እትዬ፣ ጨው በዛበት» ብላቸው በአዘኔታ አዩኝና «አንተ ገና ጃዝ አልገባህም» አሉኝ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ተጽዕኖዎቻቸው ናቸው። ዘወትር ሐሙስ በሚዘፍኑበት የማዳም ሀኪማ ሆቴል በረንዳ ላይ ፈረንሳዊ ከተቀመጠ፣ ያሳደጋቸው የፓሪስ ሸክላ ነው። አሜሪካዊ ወታደር ከመጣ፣ በደማቸው ውስጥ የሚሲሲፒ ወንዝ ይፈሳል። ኪቦርድ የሚመታላቸው የመናዊው ኒዛር ሲያኮርፍ፣ ሁሉን የተማሩት ከዐረቡ ክራር፣ ከዑድ ነው። ከነፃ ንግድ ቀጠናው አንድ ቻይናዊ መሐንዲስ የመጣ ዕለትማ፣ በሕልማቸው የሰሙት የቀርከሃ ዋሽንት ተገኘ። እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁ የትራንዚት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀን ኮንቴይነር አስለቅቃለሁ፣ ሲመሽ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ማዕበሉን ቤት አስመታለሁ። ለእኔ የደረሰኝ አምባሰል ነው። በወግ በወጉ የተከፋፈለ ሀብት!

ታዲያ አንድ ሐሙስ ማዳም ሀኪማ ቀለበቶቿን እያሽከረከረች መጣች።

«ወርቅነሽ፣ ሼሪ፣ የኔ ውድ፣ ነገ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ከውጭ አገር ፌስቲቫል ዘፋኝ የሚመርጡ ሰዎች ይመጣሉ። ከወደዱሽ ይዘውሽ ይሄዳሉ። ካልወደዱሽ ከሳምንቱ ጀምሮ ስፒከር እገዛለሁ። ስፒከር እራት አይጠይቅም።»

«ይወዱኛል» አሉ ክብርትነታቸው። «ከየት አገር ናቸው? ተጽዕኖዬን ላዘጋጅ።»

አልሳቅኩም። በዚህ ዕድሜ በረንዳውን ከተቀሙ ሌላ መድረክ እንደማይጠብቃቸው ያውቃሉ።

ይሁንና ያው ዓርብ ማለዳ መርዶ ነበረብን። ካርቲዬ ስድስት በሰው ቤት የምትሠራው ትርሲት እናቷ ኮምቦልቻ ካረፈች ሰንብታለች፤ ወሬው የደረሰው ለእድራችን ዳኛ ለአቶ ዮሳዲቅ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የአሠሪ ወጥ ቤት ውስጥ ተቁሞም አይሰማም። ስለዚህ እስከ ዕረፍት ቀኗ፣ እስከ ዓርብ፣ ከተማ ሙሉ አበሻ አፉን ዘጋ። ጎህ ሲቀድ «ለጸሎት ነው» ተብላ አቶ ዮሳዲቅ ቤት መጣች። በሩ ላይ ነጠላ ያዘቀዘቀውን ሰው ስታይ ገባት፤ እዚያው ደፉ ላይ ተዘረጋች።

ክብርት ወርቅነሽም መጥተዋል፤ ፊታቸውን ለእድሩ አሳይተው ሊሾልኩ። ነጠላቸው ሥር የመድረክ ቀሚሳቸው ብርማ ጌጥ ብልጭ ብልጭ ይላል። እንደ ተደበቀ ዓሣ።

እንባው ነበረ፤ ቃል ግን ጠፋ። ሙሾ የሚያወርዱት አሮጊቶች አልቀዋል። ግራ የገባቸው አቶ ዮሳዲቅ ከስልካቸው ሙሾ ከፈቱ። ሦስት ስንኝ ያህል እንደሄደ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። «ለነጣ ልብስዎ!» አለ ስልኩ። ትርሲት ቀና ብላ አየችን። እንደዚያን ጊዜ ሰው መሆን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ያኔ ነው ከማዕዘኑ ድምፅ የተነሣው።

የሰውን ልጅ ስታጥቢ ውሃ እየቀዳሽ፣
ያቺን ደግ እናትሽን ማን አጠበልሽ?

ወርቅነሽ ናት። አንቱታዬን እዚህ ላይ አነሣለሁ፤ እንዲህ የምታለቅስን ሴት አንቱ ማለት አልቻልኩም። ስንኝ አልጠፋባትም። ቃሉን ከሰው ፊት ላይ እየለቀመች ታወርዳለች፤ ሴቶቹ ይቀበሏታል፤ ስታዘገይ ያዘገያሉ፣ ስትሰብረው ይሰበራሉ። ትርሲት ተነሥታ ደረቷን መታች፤ አለቀሰች፤ እንደ ወጉ፣ እንደሚገባት።

ሰዓቱ አራት እየተጠጋ ነበር። ኒዛር ታክሲ ውጭ አቁሞ ሲሮጥ ገባ።

«ያላ፣ ወርቅነሽ! ሰዎቹ መጡ! ሀኪማ ልታርደኝ ነው፣ ወላሂ!»

«ጫማህን አውልቅና ተቀመጥ» አለችው፣ ሳትዞር።

ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ምቱን ሲፈልጉ አየኋቸው። እሷም የከተማውን ባቡር ጣቢያ፣ ናጋድን፣ አንሥታ፦

ባቡር መጣ ቢሉ ናጋድ ወርጄ አየሁ፣
ሰው ሁሉ ሲወርድ እናቴን ብቻ አጣሁ።

ለቅሶው ሲበርድ፣ ኒዛር ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ «ይሄንን ማን አስተማረሽ? ይሄን እኮ ነግረሽኝ አታውቂም» አላት።

ቀሚሷ ላይ ያለውን ብር በነጠላዋ ሸፈነች።

«እናቴ አልቃሽ ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «የባቡር ሰፈር ለቅሶ ያለ እሷ አይደምቅም። ልጆቹ ‹የአልቃሽ ልጅ› እያሉ ያሯሩጡኝ ነበር። ታዲያ ፓሪስ ብል ምን ይገርማል?»

የፌስቲቫሉ እንግዶች ሳይሰሟት ሄዱ። ማዳም ሀኪማ ቃሏን ጠበቀች፤ ከሳምንቱ ጀምሮ በረንዳው ላይ ስፒከሩ ይጮኻል፤ እራትም አይጠይቅም።

ክብርትነታቸው ግን (አንቱታዬን መልሻለሁ፤ ካልመለስኩ ይቀየማሉ) ሥራ አልፈቱም። አሁን ለቅሶ ሲኖር ከየካርቲዬው ይጠሯቸዋል። ሁልጊዜም «እኔ የጃዝ ዘፋኝ ነኝ እንጂ አልቃሽ አይደለሁም» ብለው በሩን ይዘጋሉ። ከዚያ ነጠላ ፍለጋ ይገባሉ። ኒዛርም ኪቦርዱን ትቶ ከኋላቸው ይሄዳል።

እኔም ለአቶ ዮሳዲቅ ተናዝዣለሁ። የዚህ ከተማ ሙቀት አንድ ቀን ካሸነፈኝ ከክብርት ወርቅነሽ ሌላ አልቃሽ እንዳይጠራብኝ። ዘግይተው ይመጣሉ፣ አውቃለሁ፤ ስሜንም ከሌላ ሟች ጋር ያምታቱት ይሆናል፤ ስለ አሊ ሳቢዬ ግመሎችም አስከሬኔ ፊት ማውራታቸው አይቀርም። ማንም እንዳይቆጣቸው። ጃዝ ነው።