ምነው ይህ ኮድ በተበላሸ

ሰው ሁሉ ዕቃው እንዳይበላሽበት ይሳላል። ባለባጃጁ ለሞተሩ፣ ባለሱቁ ለፍሪጁ፣ ባለወፍጮው ለመብራቱ። ዕቃው ተበላሽቶበት “እሰይ” የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ተዋወቁኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አዳማ ላይ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ያለ አንድ ነገር እንዲበላሽልኝ ስሳል የኖርኩ ሰው ነኝ። አልተበላሸም። ለካ ሰው አጥብቆ ሲፈልገው እንኳን ደጉ ክፉውም አይመጣም።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። የምሠራው የመስኖ ውሃ በሚከታተል መሥሪያ ቤት ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ ያሉ ገበሬዎች ከየጉድጓዳቸው ስንት ውሃ እንደሳቡ እንለቅምና፣ በየሦስት ወሩ ግራፍ ሠርተን ተወካዮቻቸው ፊት እናቀርባለን። ድሮ ግራፉን አንድ በአንድ ነበር የምንሠራው። አንዲት ቁጥር ከተለወጠች እንደ አዲስ መሣል ነው፤ ከዚያ ስላይዱ ላይ መለጠፍ፤ ከዚያ ሌላ ቁጥር ይለወጣል። በዚህ መሀል ፌቨን ተቀጠረች።

ፌቨን ከፊት ለፊቴ ባለው ጠረጴዛ አራት ዓመት የተቀመጠች ባልደረባዬ ናት። ኮድ ትጽፋለች። ኮድ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ለኮምፒዩተር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። “ይህን ቁጥር አንብብ፣ በዚህ ቀለም ሣል፣ የሣልከውን ወስደህ ስላይዱ ላይ አስቀምጥ” ይባላል፤ እሱም ሳያጉረመርም ይፈጽማል። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚታዘዝ ከየት ይገኛል? እሷ ከመጣች ወዲህ አንድ ቁልፍ ስንጫን ግራፉ ሁሉ ራሱን አድሶ ስላይዱ ውስጥ ቁጭ ማለት ጀመረ። ርእሱ በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፎ ይወጣል።

እኔ ቁጥር አነባለሁ፣ እሷ ትመዘግባለች። ምሳ አብረን እንበላለን። ሲሞቃት፣ የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ በፋይል ክዳን ታራግባለች፤ ነፋሱ ጠረጴዛውን ተሻግሮ ለእኔም ይደርሰኛል። አራት ዓመት ሙሉ ያን ነፋስ ስቀበል የሙቀት ማስታገሻ ነበር የሚመስለኝ። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይባል የለ?

ከዚያ ኩየራ ባለ ኮሌጅ የማስተማር ሥራ አገኘች። ቤተሰቦቿም እዚያው ናቸው። በሄደችበት ቀን ኮምፒዩተሬ ላይ ቁጭ ብላ ኮዱን ጫነችልኝና፣ አንዳንዴ ከፍቼ እንዳየው፣ ከተበላሸም እንድደውልላት ነገረችኝ። እሺ አልኩ። አልከፈትኩትም። አለቃችን ጋሽ እንድሪስ አንድ ሕግ አላቸው፤ “የሚሠራ ነገር አይነካም” ይላሉ። እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ፣ በተለይ ሕጉ ፍርሃቴን ሲደግፍልኝ።

ኮዱም ሠራ። በሦስት ወሩ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ይሠራል። በስድስት ወሩ እጫናለሁ፣ ይሠራል። አሁንስ እንቢ ይላል ብዬ ዐይኔን ጨፍኜ እጫናለሁ፤ ስገልጥ ግራፉ ተኩሎ ይጠብቀኛል። አንቺ ልጅ፣ ምን በደልኩሽና እንዲህ አጥብቀሽ ሠራሽው እያልኩ እበሽቃለሁ።

“ሳይበላሽ ብትደውልስ?” ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ አገሩ ሰው “ሰላም ልበልህ ብዬ ነው” እያለ የሚደዋወልበት አገር ነው። እኔም በገና ደወልኩ፣ በፋሲካ ደወልኩ። ደኅንነቴን ጠየቀችኝ፣ ደኅንነቷን ጠየቅኳት፣ የጋሽ እንድሪስን ደኅንነት ደግሞ ሁለታችንም ተጠያየቅን፤ አለቀ። በአዘቦቱ እንዳልደውል ሰኞ ሥራ ይበዛባታል፤ አርብ ለሰንበት ትዘጋጃለች፤ አድቬንቲስት ስለሆኑ ቅዳሜ የእነሱ ሰንበት ነው፤ እሑድ የእኔ ነው። ለዐይን አፋር ሰው ሳምንቱ ሰባት ቀን የለውም።

ዳር ዳር ማለቱን ልተወውና፣ ናፈቀችኝ። ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም፤ የወረቀት ካርቶን ተደረደረበት። ስትሄድ ቬንቲሌተር ገዝተው አስገቡልን። ነፋሱ ከእሷ ፋይል ይበልጣል፣ ይህን አልክድም። ግን ማን ያራግብልኛል የሚለውን ጥያቄ አይመልስም። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጭር ሲል ካርቶኑን እያየሁ ቁጥሬን ጮክ ብዬ የማነብበት ቀን አለ።

ባለፈው የሦስት ወር ስብሰባችን ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ አፋፍ ላይ ባለ ሆቴል ሆነ። ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ትኩስ ቁጥር ይወዳሉ። ገበሬው የትናንት ቁጥር ካሳየኸው “ዛሬ ፓምፔን ዘግቻለሁ እኮ” ብሎ ስብሰባውን ያፈርሰዋል ባይ ናቸው፤ ደርሶባቸዋል መሰለኝ። ስለዚህ ኮዱን የቢሮው የመስክ ላፕቶፕ ላይ ገልብጬ ይዤ ሄድኩ። ጠዋት ከየወረዳው በስልክ የተነገረኝን ቁጥር አስገባሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ኮዱ ግራፎቹን ሥሎ ስላይዱ ውስጥ ከተታቸው። እኔም ሳላያቸው ክዳኑን ዘጋሁት። ዓመት ከመንፈቅ ያልተሳሳተን ነገር ምን ብዬ አያለሁ?

አዳራሹ ስድሳ ሰው ይሆናል። የመጀመሪያው ስላይድ ሰላምታ ነው፤ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ግራፉ ወጣ። መስመሩ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ አማርኛው የለም። በየፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን ተደርድሯል፤ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን። ኦሮምኛው በላቲን ፊደል የሚጻፍ ስለሆነ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ለካ ፌቨን የአማርኛውን ፊደል ያስተካከለችው እኔ ኮምፒዩተር ላይ ነው፤ ይህ ላፕቶፕ ግራፍ ሲሥል አማርኛ አያውቅም።

ክው አልኩ። ቀጥሎ ምን እንደተሰማኝ ልዋሻችሁ? ደስ አለኝ። ተበላሸ! ሰው መድረክ ላይ ቆሞ እየተዋረደ በሆዱ እልል ሲል ይታያችሁ።

የመቂ አካባቢ ተወካይ የሆኑት ሽማግሌው ኦቦ ቶላ ብድግ አሉና፣ እንዳልጨነቅ፣ ኦሮምኛውን እያነበቡ ለአማርኛ አንባቢው እንደሚተረጉሙ ነገሩን። ተረጎሙም። ግሩም አድርገው፣ ወረዳ በወረዳ። የራሳቸው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ብቻ ድምፃቸው ትንሽ ቀነስ አለ።

ጋሽ እንድሪስ ግን አልተዋጠላቸውም። ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ ቶሎ እንዳስተካክለው ነገሩኝ። ጨነቀኝ፤ ኮዱን ከፈትኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ላፕቶፑ ከፕሮጀክተሩ ጋር እንደተያያዘ፣ እኔ የማየውን ሁሉ ግድግዳው እንደሚያየው የረሳሁት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ስለ ፊደል የሚያወራውን መስመር ፍለጋ ወደ ታች ስወርድ አዳራሹም አብሮኝ ይወርዳል። እንግሊዝኛ፣ ቅንፍ፣ ቁጥር፣ ቅንፍ። ድንገት አዳራሹ ጸጥ አለ። ቀና ስል መሀል ላይ አንድ አረንጓዴ ጽሑፍ አለ፣ በአማርኛ። ግራፉ ላይ አማርኛ አልችልም ያለው ማሽን እዚህ አንድ ፊደል አልጎደለበትም።

ኮድ የሚጽፉ ሰዎች በመሀል በመሀል ማስታወሻ ይጥላሉ። ኮምፒዩተሩ ዘሎት ያልፋል፤ የተጻፈው ኮዱን ለሚከፍት ሰው ነው። የፌቨን ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦

“ይህን ኮምፒዩተሩ አያነበውም፤ አንተ እንድታነበው ነው። ኩየራ ሩቅ አይደለም። ሳይበላሽም ደውልልኝ።”

ከእኔ በፊት ስድሳ ሰው አንብቦታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ የቢሾፍቱ መሬት ግን ለሐይቆቿ ከዚህ በፊት የተከፈተችው ይበቃታል መሰለኝ እንቢ አለች። ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አጠለቁ። መቼ የተጻፈ እንደሆነ ጠየቁኝ። የሄደች ቀን ነው አልኳቸው። “አይነካም ያልኩህ እኔ ነኝ” አሉ ቀስ ብለው።

ኦቦ ቶላ ገና አልተቀመጡም ነበር።

“ታዲያ ደወልክላት፣ ልጄ?”

አልደወልኩም አልኩ። ወደ ሰዉ ዞር ብለው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱና፣ “ውሃው ይቆየናል። ውጣና ደውል” አሉኝ።

ወጣሁ። ሐይቁ ከታች አለ፤ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳችው። ድምፅዋን ስሰማ ዓመት ከመንፈቅ ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። እሷ ቀደመችኝ።

“ኮዱ ተበላሸ እንዴ?”

ፍረዱኝ እስቲ። ስድሳ ሰው መርቆ የላከኝ ሰው ነኝ። አፌን ከፈትኩና፣ አዎ፣ ፊደሉ ነው አልኳት። ከዚያ ምን ከየት አውርጄ የትኛው መስመር ላይ እንደምጽፍ ነገረችኝ፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ልትዘጋው ነው ብዬ ስሰጋ፣ እንደ ዋዛ ኮዱን ከፍቼው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከፍቼዋለሁ አልኳት።

“እና እስከ መጨረሻው አነበብከው?”

“ገና ነኝ” አልኳት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ገና ነኝ።

የሳቀች ይመስለኛል።

“በል ቀስ ብለህ አንብብ። ስትጨርስ ደውልልኝ።”

ፊደሉን አስተካክዬ ስብሰባው ቀጠለ፤ አማርኛው ሲወጣ አዳራሹ አጨበጨበ። ለፊደሉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ኦቦ ቶላማ በዕረፍት ሰዓት መቼ እንደምንጋባ ጠየቁኝ፤ ሥራ ላይ ነን ብዬ አለፍኳቸው።

አልዋሸሁም። ኮዱ በጠቅላላው አርባ መስመር ነው። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ፣ እያነበብኩ ነው።