የአክስቴ ድድና የጣቶቿ ቁርጥማት

እኛ የላሊበላ ከተማ ሰዎች ሰው ሲታመም ሐኪም አንጠብቅም። ምን አስጠበቀን? ሁላችንም ሐኪም ነን።

አክስቴን ዘነቡን ልንገራችሁ። ሹሩባ ትሠራለች። አሸንድዬ ሲደርስ የሰፈሩ ልጃገረድ ሁሉ ደጇ ላይ ይሰለፋል። ባለፈው ዓመት ግን ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። መገጣጠሚያዋ አበጠ፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ መያዝ አቃታት። የልጅ ልጇ የሺ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንድዬ ልትወጣ ነው። "የሷን ጸጉር ሌላ ሰው ከሠራውማ እኔ ሞቻለሁ" ብላ አለቀሰች። አንጀቴን በላችው።

ምርመራው ወዲያው ተጀመረ። ጎረቤቷ የባጃጅ ንፋስ ነው አለች። አክስቴ ባጃጅ ተሳፍራ አታውቅም። አጎቴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በባዶ እግሯ የቆመችበት የድንጋይ ቅዝቃዜ ነው አለ። ታዲያ ቅዝቃዜው ከእግር ተነስቶ፣ ጉልበቱንም ወገቡንም አልፎ ጣት ላይ ምን አሳረፈው? ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ። እኔም ብሆን ዝም አላልኩም። አስጎብኚ አይደለሁ? የማላውቀውን ሳስረዳ ነው የምውለው። ጭጋጉ ነው አልኩ።

ስለ አፏ የጠየቀ የለም። ድዷ ለዓመታት ይደማ ነበር። ያኔም መድኃኒት አላጣንላትም፤ ተነቀሺ ተባለች፣ ተነቀሰች። ድዷ ጠቆረ፣ ፈገግታዋ አማረ፣ ደሙ ግን አልቆመም። ካማረ በኋላ ስለ ደሙ ማን ይጨነቃል?

ሲብስባት ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጣቶቿን ዳብሳ፣ ደሟን አስመርምራ ስታበቃ "እናቴ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ" አለቻት።

አክስቴ ደሟ ፈላ። "ልጄ፣ እኔን ያመመኝ ጣቴን ነው። በቅሎ ልትገዢ ነው እንዴ?"

ሐኪሟ ሳቀች እንጂ አልተወቻትም። የታመመ ድድ ውስጥ ያሉት ጀርሞች ሰውነትን ያስቆጡታል፣ የተቆጣ ሰውነት ደግሞ አንዳንዴ የራሱኑ መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ያጠቃል ብላ አስረዳችን። የሁሉም ሰው ቁርጥማት ከድድ ይመጣል ማለት እንዳልሆነም ነገረችን። ለጣቶቿ መድኃኒት አዘዘችላት፤ ድዷንም አስጸዳችላት።

እኔ ግን የበቅሎዋ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በቅሎ ስንገዛ መጀመሪያ የምናየው አፏን አይደል? አክስቴ በቅሎ ብትሆን ኖሮ ቀድመን እንደርስላት ነበር።

ለአሸንድዬ ጣቶቿ እንደ ድሮው ባይሆኑም ታዘዙላት። የሺን እያረፈች፣ ጣቶቿን እያሸች ሠራቻት። ልጅቷ መስታወት ስታይ አክስቴ ደግማ አለቀሰች። ያኔ እኔም አልቻልኩም።

አሁን ታዲያ ጠባይዋ ከፋ። አፏን ላላስመረመረች ልጃገረድ ሹሩባ አትሠራም። ትናንት ደጇ ላይ ቆሜ ጥርሴን ስፍቅ መፋቂያዬን ከእጄ ነጠቀችኝና ጫፉን ወደ ብርሃን አዞረችው።

"ይሄ ቀይ ምንድን ነው?"

ጭጋጉ ነው አልኳት።