ጃፓን ጾም የላትም

ቡና በሚበቅልበት አገር ሁሉ፣ ከተማ ከተባለ፣ የዓለም ገበያን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። አንድ ብቻ ነው ታዲያ፤ ሁለት ከሆኑ ከተማው አይችላቸውም። ቴፒ የራሷ አላት፣ ጌጫም አላት፣ ሸዋ ቤንችም አንዱ ጋ ሻይ ስትጠጡ ታገኙታላችሁ። የሚዛን ተፈሪው ግን ከሁሉም ይበልጣል። የሌሎቹ እኮ ቡና ብቻ ነው የሚያውቁት። የኛው ክቡር የዓለም ገበያ ጉዳይ አዋቂ፣ ጋሽ ገሠሠ፣ ሥጋም ያውቃሉ።

ሥጋ ስላችሁ ልኳንዳ ቤት የሚሰቀለውን እንዳይመስላችሁ። እሱንማ ማንም ያውቀዋል። እሳቸው የሚያውቁት በመርከብ የሚሄደውን ነው። አውስትራሊያ ለማን እንደምትሸጥ፣ ብራዚል ማንን ልትቀድም እንደደረሰች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ዴንማርክ በአሳማ እንዴት እንደከበረች። መንገድ ላይ "ደህና አደሩ ጋሽ ገሠሠ?" ያለ ሰው አለቀለት። "እኔማ ደህና ነኝ፣ ዓለም ናት ደህና ያላደረችው" ብለው ይጀምራሉ። "ነገሩን ከዓለም አንፃር እንየው" ካሉ ደግሞ በቃ፣ ሰውየው ወተት ይዞ ከሆነ እጁ ላይ ይረጋል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የምትሰማው ሚስታቸው ወለላ ናት። ወለላ አብራቸው ስትኖር አንድ ነገር ለምዳለች፤ እሳቸው ስለ ዓለም ሲያወሩ እሷ ጣራውን ታያለች። ጣራው ሣር ነው። ሣር ነበር ማለት ይሻላል፤ አሁንማ ግማሹ ሣር፣ ግማሹ ሰማይ ነው። ሚዛን ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፣ የቤት ልጅ ነው። ወለላ ቤት ውስጥ ግን ጭራሽ አልጋ ድረስ ይገባል። ስለዚህ ወለላ ከዚህች ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ቆርቆሮ። ሙሐመድኑር ሱቅ ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ባለፈች ቁጥር በመዳፏ ዳበስ ታደርገዋለች።

"እትዬ ወለላ፣ ወላሂ ቆርቆሮው እጅሽን ለመደው" ይላታል ሙሐመድኑር።

"አስቀምጥልኝ ብቻ። ኤክስፖርት ይሸጣል።"

ኤክስፖርት በሬያቸው ነው። አዎ፣ ስሙ ነው። ያን ስም ያወጡለትም ጋሽ ገሠሠ ናቸው። የቡና ዋጋ የወደቀ ጊዜ ሰው ሁሉ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡናውን፣ ጀንፈሉን፣ በተገኘው ሲያራግፍ፣ እሳቸው "ብራዚልን ውርጭ ይመታታል፣ ታያላችሁ" ብለው ጎተራ ውስጥ አስቀመጡት። ብራዚል ያን ዓመት ምንም አልሆነችም። ጀንፈሉ ግን ሻገተ። ከዚያ በኋላ "ቡና ሞቷል፣ ከእንግዲህ ሥጋ ነው" ብለው የተረፋቸውን አራግፈው አንድ ቀይ ወይፈን ገዙ። ወለላ ያን ወይፈን በጎደሬ ልጣጭ፣ በሙዝ ቅጠል፣ በእንሰት ኮባ፣ ከራሷ ጉሮሮ እየነጠቀች አሳደገችው። በሬ ሆነ። ሲሄድ መሬቱ ይሰማው ነበር። ጎረቤት ሁሉ በሬው ጣራ መሆኑን ያውቃል፤ "ጣራሽ ሣር ጋጠ ወይ?" እያሉ ነበር የሚጠይቋት።

የዘጠና ስድስት ገና ሊደርስ ሲል ባለልኳንዳው ተረፈ ራሱ በእግሩ መጣ። በሬውን ዞሮ አየው፣ ጀርባውን ጫን ጫን አደረገው፣ ከዚያ ዋጋ ጠራ። ወለላ ዋጋውን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጣራው ከነምስማሩ!

ጋሽ ገሠሠ ግን ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ ናት የምታስፈራው።

"ተረፈ፣ ሬዲዮ አልሰማህም መሰለኝ።"

"ምን ተባለ ጋሼ?"

"አሜሪካ ውስጥ አንዲት ላም አብዳለች።"

"እና እኔ ምን ላድርጋት?"

"ነገሩን ከዓለም አንፃር እንየው። ጃፓን በሯን ዘጋች። ኮሪያ ዘጋች። የአሜሪካን ሥጋ የሚነካው ጠፋ። ጃፓን አሁን ከአውስትራሊያ ትገዛለች። ያኔ ከአውስትራሊያ ይገዛ የነበረው ዐረብ ባዶውን ይቀራል። ዐረብ ወዴት ያያል? ወደኛ! ነጋዴው ሞጆ ላይ ያለውን ሲጨርስ ጅማ ይመጣል፣ ጅማን ሲጨርስ ቦንጋ፣ ቦንጋን ሲጨርስ..." እያሉ እጃቸውን እንደ መኪና እያስኬዱ የገዛ በራቸው ላይ አቆሙት።

"አንተ ሰውዬ" አለች ወለላ፣ "አሜሪካ ያበደችው ላም እዚህ ድረስ መጥታ ጣራዬን ትብላ?"

"ትንሽ ታገሺ። ቆርቆሮ ምን ያደርግልሻል፣ ብሎኬት ነው የማሠራልሽ።"

ተረፈ ሄዶ የሌላ ሰው በሬ ገዛ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ዐረቡ ጅማ ድረስ ቢመጣም ባይመጣም እኛ አላየነውም። ይልቅ ሬዲዮው ሌላ ነገር አመጣ። እስያ ውስጥ ዶሮ ታመመች ተባለ። ጋሽ ገሠሠ ደስታቸውን አልቻሉትም፤ ቁርሳቸውን ትተው ተነሡ።

"ላሚቱ አበደች፣ ዶሮዋ ታመመች፣ ለጃፓን ምን ቀራት? አሳማ! ዴንማርክ እኮ አሁን..."

"ቱ! ቱ! በቁርስ ሰዓት!" ወለላ ሳህኑን በሰፌድ ከደነችው።

አጥሩ ጋ ቆሞ የነበረው ጎረቤታቸው ሲላስ ነው የሳቀው። ሲላስ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው፣ ጴንጤ ነው፣ ጎደሬና በቆሎ ያርሳል። "ጋሽ ገሠሠ" አለ፣ "ትናንት ሌሊት ከርከሮ ማሳዬን ገልብጦት ነው ያደረው። እባክዎ ለዴንማርክ ይንገሩልኝና መጥታ ትውሰደው። በነፃ!"

ታዲያ ሁዳዴ ገባ። ተረፈ ልኳንዳውን ዘግቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ወለላ የቀረችውን ተስፋ ይዛ ቤቱ ድረስ ሄደች፣ ባሏንም ጎትታ። "እባክህ ተረፈ፣ በሬውን አሁንም ውሰደው፣ ባነሰውም ይሁን" አለችው።

"እትዬ፣ በጾም ማን ይበላልኛል? እስከ ፋሲካ ድረስ ማንስ ይቀልበዋል?"

ጋሽ ገሠሠ ኮታቸውን አስተካክለው "ተረፈ፣ ያንተ ችግር ምን መሰለህ?" አሉ። "ከተማውን ብቻ ነው የምታየው። ጃፓን ጾም የላትም!"

በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ወደ ውጭ የሚላክ በሬ ክብደቱ እንዲህና እንዲያ መሆን አለበት ብሎ የሆነ ሰው በሬዲዮ ተናገረ። የወለላ የሙዝ ቅጠል ለዓለም ደረጃ አልበቃም ተባለ። ጋሽ ገሠሠ ኤክስፖርትን ነድተው ወደ ቆላው ወረዱ፤ እዚያ ሣሩ እስከ ወገብ ነው። ሲላስ መንገድ ላይ አግኝቶ ለምኗቸዋል። "ጋሼ፣ እዚያ ዝንቡ አለ። እኛ ከብት የማናወርደው እኮ ሣር ጠልተን አይደለም።" እሳቸው ግን "የአርጀንቲና ከብት ሜዳ ላይ ነው የሚሰማራው" ብለውት አለፉ።

ሲመለስ በሬው ወፍሮ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። ወለላ እንኳ ደስ ብሏት አንገቱን አከከችው። ከዚያ ግን ፀጉሩ ቆመ። ዓይኑ ያለቅስ ጀመር። ኮባውን አሽትቶ ይተወዋል። ዳሌው እንደ ድንኳን ምሰሶ ወጣ። ወለላ ጠዋት ጠዋት እየሄደች እጇን ጆሮው ላይ ታደርጋለች፤ ይፈጃል። ከጣራዋ በላይ ደግሞ ደመናው መጥቆር ጀምሯል። ከብት ሐኪሙም ከከተማ ወጥቷል። በሬው ወድቆ አልነሣ ባለበት ቀን፣ ሲላስ ቢላዋ ስሎ፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን ሰዎች አስከትሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ገንዲ ነው፣ የዝንቡ በሽታ" አለ። "ገንዲ ሰው አይዝም፣ ስንቱን በልተናል። እኛ ሁዳዴ የለብንም። ገና እየተነፈሰ ነው፣ አሁኑኑ ይታረድ። ያለንን አዋጥተን እንከፍላለን። ሙሉ ጣራ ባይሆን ግማሽ ጣራ ይወጣዋል።"

ወለላ ግማሽ ጣራ ስትሰማ አልጋው ያለበትን በኩል አሰበች። በዚያ በኩል ቢሆንላት በቂዋ ነበር። እነዚያ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ከመላእክት አልለየቻቸውም።

ጋሽ ገሠሠ ከበሬው አጠገብ ተንበርክከው ነበር። ሲነሡ ፊታቸው የሌላ ሰው ሆኗል።

"አይታረድም።"

"ምን?"

"ገንዲ መሆኑን በምን አወቅህ ሲላስ? የአሜሪካዋም ላም መቆም አቃታት እንጂ አበደች ያላት አልነበረም። አርደው ከሌላው ጋር ከቀላቀሉት በኋላ ነው የታወቀው። በሽታውን የማላውቀውን ሥጋ አልሸጥም። አሜሪካን የሚያህል አገር በአንዲት ላም በር ተዘጋበት። እኔ በራሴ ላይ እዘጋለሁ።"

"አንተ አገር ነህ?" ወለላ ጮኸች። "ገሠሠ፣ አንተ አገር ነህ?"

"ላኪ ነኝ።"

"ምን ልከህ ታውቃለህ?"

"ምንም" አሉ ጋሽ ገሠሠ። "ግን ላኪ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ወለላ የኮታቸውን ጫፍ ይዛ "ስለ ማርያም ብዬሃለሁ" አለቻቸው።

"እኔም ስለ ማርያም ነው የምልሽ። የሚበሉት እኮ የሲላስ ልጆች ናቸው።"

ሲላስ ቢላዋውን በቅጠል ጠቀለለው። በሬው ከሰዓት በኋላ ሞተ። እንዲያ ሲሆን ሲላስ "እንግዲያስ ቆዳውን እንኳ ልግፈፍላችሁ፣ ቆዳ ምን አለበት?" ቢል፣ "ቆዳም ኤክስፖርት ነው" ብለው ከለከሉት። ዶማ አመጡ። መሬቱ ሥር በሥር ነው፤ ላብ በላብ ሆነው ሲቆፍሩ ሲላስም አላስቻለው፣ ገብቶ አገዛቸው። ኤክስፖርት ከነቆዳው፣ ከነቀንዱ፣ ከነጣራው ተቀበረ። ወለላ በሩ ላይ ተቀምጣ የሚወድቀውን አፈር ስታይ ነው የዋለችው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው ማንም ያልጠበቀው። ጋሽ ገሠሠ ዝም አሉ።

መጀመሪያ ወለላ ተመስገን አለች። ኋላ ግን ፈራች። ሬዲዮው ይናገራል፣ እሳቸው ግድግዳ ያያሉ። ከተማው ድሮ እሳቸውን ሲያይ መንገድ ይቀይር የነበረው፣ አሁን ሆን ብሎ ያስቆማቸዋል። "ጋሽ ገሠሠ፣ ዓለም እንዴት አደረች?" ይላቸዋል ሙሐመድኑር።

"እኔ እንጃ ልጄ።"

ሙሐመድኑር ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ገብቶ ለሚገዛው ሁሉ የብር መልስ ሲሳሳት ዋለ።

ፋሲካ መጣ። ተረፈ ከቅርጫው አንድ መደብ ሥጋ ላከላቸው፤ ምንም አላዋጡም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። ጋሽ ገሠሠ የማንን በሬ ሥጋ ቢያገኙ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደበላ ሳይጠይቁ አይቀምሱም ነበር። ያን ቀን ዝም ብለው ጎረሱ። ወለላ የራሷን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የሚዛን ዝናብ ደግሞ ሲመጣ አያንኳኳም። ድስቱን እዚህ፣ ጣሳውን እዚያ፣ ትልቁን ሳፋ አልጋው ላይ አደረገች። ጣሳው ቀጭን ይጮኻል፣ ድስቱ ይመልስለታል፣ ሳፋው ደብ፣ ደብ፣ ደብ ይላል። ሁለቱ ከምድጃው አጠገብ በቀረችው ደረቅ ቦታ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

"ወለላ" አሉ ጋሽ ገሠሠ።

"እ?"

እሳቱን ቆሰቆሱ። "ብራዚል... በበሬ ሥጋ አውስትራሊያን ልትቀድም ነው አሉ..." ድምፃቸው አነስተኛ ነው። የቀረውን ሳፋው ዋጠው።

ወለላ አየቻቸው። የሻገተው ጀንፈል፣ የተቀበረው በሬ፣ ከሙሐመድኑር ደጃፍ ተሸጦ ለሌላ ሰው የተጫነው ቆርቆሮ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረቷ ላይ መጣ። ተነሣች። ጋሽ ገሠሠ የምትመታቸው መስሏቸው አንገታቸውን ቀበሩ።

እሷ ግን አሮጌ ነጠላዋን አጣጥፋ ሳፋው ውስጥ አነጠፈችው። ጠብታው ድምፁ ጠፋ። ድስቱም ውስጥ፣ ጣሳውም ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ከተተች። ተመልሳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"እሺ" አለች። "አሁን ይሰማኛል። ከዚያስ?"