ስንት ገብረ ማርያም አለ?

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሰቆጣ ተማሪዎች ቲያትር አሳይተው ነበር። ጎረቤቴ ጎትቶኝ ሄድኩ። ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል። ታሪኩ እንደምታውቁት ነው፤ ሁለት ልጆች ይዋደዳሉ፣ የልጅቱ አባት ክፉ ነው፣ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ። ሕዝቡ አነባ። አባትየውን የተጫወተውን ልጅ ሲወጣ ሊደበድቡት ምንም አልቀራቸው።

የኔ ዓይን ግን አንድ አጎት ላይ ቀረ። ፍቅረኞቹ መልእክት አደራ ሰጥተውት ነበር። «ዛሬ ደመና ነው፤ ነገ ረጋ ብዬ አደርሰዋለሁ» አለና ቁጭ አለ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለውም። ልጆቹ የሞቱት ግን በሱ ነው እኮ! ለጎረቤቴ ብነግረው «ኧረ ዝም በል፣ ደግሞ እሱ ምን አደረገ?» አለኝ። ምንም አላደረገም። ጥንቁቅ ሰው ነው። ከክፉ አባትስ ይሸሻል፤ ከጥንቁቅ ሰው ወዴት ይሸሻል?

ደርሶብኝ ነው የምላችሁ።

የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ትውልድ መቁጠር ግን ከአባቴ ወርሻለሁ። በኛ አገር ሳይቆጠር ጋብቻ የለም፤ ልጆቹ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አለመሆናቸው ይጣራል። ይህን ሥራ ለኔ ይሰጡኛል፤ በሬን ቆልፌ ሁለቴ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝና።

ከስድስት ዓመት በፊት ደሳለኝ የሚባል ግንበኛ፣ ስንዱ የምትባል የፃግብጂ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ላከ። መዋደዳቸውን ገበያው ሁሉ ያውቃል። ቆጠርኩ። በስንዱ በኩል ስድስተኛው ቤት ገብረ ማርያም ሆነ። በደሳለኝ በኩል ስድስተኛው ተሰማ ነው፤ የጋዝጊብላ ሰው። ሌላ ቆጣሪ ቢሆን እዚህ ላይ መርቆ ጠላውን ይጠጣ ነበር። እኔ ግን የተሰማን የክርስትና ስም አውቃለሁ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ገብረ ማርያም! «አንድ ሰው ነው፤ ፃግብጂ ወልዶ ጋዝጊብላ ተሻግሯል። ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው» አልኩ።

ስንዱ እንባዋ ወረደ። የደሳለኝ እናት በአማርኛ የጀመረችውን እርግማን በኽምጣኛ ጨረሰችው፤ በኽምጣኛ ሲሆን ይጠልቃል። ስንዱ በወሩ ዓረብ አገር ሄደች። ደሳለኝ ሚስት ሳያገባ ከረመ።

አምና ፃግብጂ ለተዝካር ሄጄ ከአንድ ሽማግሌ ቄስ ጋር ስናወጋ ያንን ገብረ ማርያም አነሳሁ። ቄሱ ሳቁ። «የኛው ገብረ ማርያም? ከልጅነቱ ሽባ ነበር ይባላል እኮ! ከደጁ ሳይርቅ የሞተ ሰው ጋዝጊብላ በምን ይሄዳል?»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ይህ አገር በገብረ ማርያም የተሞላ መሆኑን እንዴት ረሳሁ? ትንሽ ባላውቅ ኖሮ አልሳሳትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልናገር? ሆድ ይፍጀው ልበል? ሆዴ አልፈጀውም፤ እሱ ነው እኔን የፈጀኝ። ዘንድሮ ስንዱ ተመልሳ ሱቅ ከፈተች። ቲያትሩን ባየሁ በማግስቱ፣ ዝምታው ደክሞኝ፣ ወደ ሱቋ ሄድኩ። «ልጄ፣ ተሳስቻለሁ፤ ዘመዳሞች አልነበራችሁም» አልኳት።

ደንግጣ በሩን አየች። «አባባ፣ ለደሳለኝ ነግረውታል?»

«ገና ነው። አንቺን ላስቀድም ብዬ...»

«እሰይ! እንዳይነግሩት! በሞቴ!»

ነገሩ ለካ ሌላ ነው። መጀመሪያ ወዳው ነበር። በኋላ ቅናቱ አንገሸገሻት፤ ገበያ ውላ ስትመለስ ከማን ጋር እንደቆመች ይመረምራት ጀመር። ሽማግሌ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ማን እምቢ ይላል? «ሳምንቱን ሙሉ ሳለቅስ ሰው ሁሉ የፍቅር መሰለው» አለችኝ። «እርስዎ ዘመዳሞች ናቸው ሲሉ ያነባሁት ግን የደስታ ነው። አምላክ ነው የላከዎ!» ኪሎ ስኳር ጠቅልላ በግድ አስያዘችኝ።

ስኳሬን ታቅፌ ስወጣ ደሳለኝ መንገድ ላይ ያዘኝ። ጉልበቴን ሳመ።

«አባባ፣ ያ ዝምድና ባይኖር ኖሮ ስንዱ ዛሬ ሚስቴ ነበረች፤ አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። የስድስት ዓመት እውነት ምላሴ ላይ ነበር።

«ምን ይደረግ ልጄ፣ ደም ነው» አልኩት።

«እሱስ ነው» ብሎ ተነፈሰ። «እኔም ቆርጬ ሌላ ልጅ አጭቻለሁ። ቆጠራውን እርስዎ ይያዙልኝ። ከእርስዎ በቀር ማንንም አላምንም።»

እሺ አልኩ፤ ምን ልበል? በዚህ ሳምንት ወደ ልጅቱ መንደር እወርዳለሁ። አያቶቿ ግን ይቆዩ። መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ ጠርቼ እጠይቃታለሁ፦ «ልጄ፣ ዘመድ ላድርግሽ ወይስ ባዕድ?»